ኪርያላይሶን እያልኩ ደረቱን ተጫንኩ

ክብር ለእግዚአብሔር ይሁን። ይህን ለመጻፍ ስንቴ ቁጭ ብዬ እንደተነሣሁ እሱ ያውቃል። ዛሬም እንባዬ ቀድሞኛል፤ ቅደም ተከተሉ ቢዛባ ይቅር በሉኝ።

አዲስ አበባ ውስጥ ከእሳት አደጋ ሠራተኞች ጋር ነው የምሠራው። የአምቡላንስ ነርስ ነኝ። ሰው 939 የሚደወለው ለእሳት ብቻ ይመስለዋል። ክረምት ላይ ግን ጎርፉና ጉድጓዱ እረፍት አይሰጡንም።

እውነቱን ልናገር፤ በዚያ ሰሞን ከእግዚአብሔር ጋር ተኳርፈን ነበር። ያኮረፍኩት እኔ ነኝ፣ እሱ መቼ አኩርፎ ያውቃል። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት፣ ድንጋይ ወጥቶበት የተተወ ጉድጓድ ውሃ አቁሮ አንድ ሕፃን ገባበት። ጠላቂዎቻችን አወጡት። አንድ እግሩ ላይ ጫማ የለም። እናቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ “እመቤቴ! እመቤቴ!” ትላለች። የምችለውን ሁሉ አደረግኩ፤ አልተመለሰም። ማታ ቤቴ ገብቼ የእመቤታችንን ሥዕል ቀና ብዬ አየሁና “ይቺን እናት ካልሰማሽ ማንን ልትሰሚ ነው?” አልኳት። ለልጇማ የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም። ከዚያ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳልሳለም ማለፍ ጀመርኩ። ማተቤን ግን አልበጠስኩም። እናቴን ፈርቼ ይሁን ሌላ፣ እንጃ።

ፍልሰታ ገባ። የሰፈሩ ሕፃናት ሲያስቀድሱ እኔ በግልጽ ጥብስ አዝዤ እበላ ነበር።

ከምሽቱ 2 ሰዓት አካባቢ ተደወለ። የሽንት ቤት ጉድጓድ የሚያጸዱ ሁለት ቀን ሠራተኞች ውስጥ ቀርተዋል። አንዱ የተዘጋውን ሊከፍት ገብቶ ወደቀ። ጓደኛው ሊያወጣው ተከትሎ ገባ፤ እሱም ወደቀ። ሁሌም እንዲህ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ የሚጠራቀመው ጋዝ መጀመሪያ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ሽታው ሲጠፋ ጋዙም የጠፋ ይመስላል። እባካችሁ፣ ወንድማችሁም ቢሆን ተከትላችሁ አትግቡ።

ሾፌራችን “ያ ረቢ” እያለ በዚያ ጭቃ እንዴት እንዳደረሰን እኔ አላውቅም። አላህ ይስጠው።

ከኛ ልጆች አንዱ ማስኩን አጥልቆ፣ የአየር ሲሊንደሩን አዝሎ፣ በገመድ ታስሮ ወረደ። ጴንጤ ነው። መኪና ውስጥ ሲዘምር ስለሚውል “አንተ ልጅ፣ እስቲ ዝም በል” እለው ነበር። ኋላ የገባውን ሠራተኛ አስሮ ላከልን። ይተነፍሳል። ኦክስጅን አደረግኩለት። ልጁ ለሁለተኛው ጎንበስ አለ።

ገመዱ ተወጠረ። ላላ። እንደገና ተወጠረ። ከዚያ ዝም።

አለቃችን በስሙ ጠራው። መልስ የለም። “ሳቡ!” ሲል ድምፁ ተሰበረ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ገመዱን ያዘ፤ እናቶች ስልካቸውን እያበሩ ይጮኻሉ። ወጣ። ማስኩ ከፊቱ ተገፏል። ለካ ሊያነሣው የሞከረው ሰው ሲንሸራተት ማስኩን ይዞ ወርዶ ኖሯል። ከንፈሩ ጠቁሯል። አንገቱን ዳሰስኩ። ምንም የለም።

ጭቃው ላይ ተንበርክኬ ደረቱን መጫን ጀመርኩ። ሠላሳ ጊዜ ተጭነን ሁለት ትንፋሽ እንሰጣለን፤ ባልደረባዬ በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጠውን አምቡ ባግ ይዟል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ነበር። የቱ ጋ እንደሆነ አላውቅም፣ አፌ ቁጥሩን ተወ። “ኪርያላይሶን፣ ኪርያላይሶን” እያልኩ ነው። እጄ ይጫናል፤ ወገቤ እንደ ሰሙነ ሕማማት ስግደት ይወርዳል፣ ይነሣል። ላልጸልይ ምዬ ነበር እኮ! ባልደረባዬ “ሲስተር፣ ቁጠሪ!” ሲለኝ ቁጥሩን ጮክ ብዬ ጀመርኩ፤ ውስጤ ግን አልቆመም። “ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣህ ገብርኤል፣ ይሄን ልጅ ከጉድጓድ አውጣው። ቁልቢ ድረስ እመጣለሁ” አልኩ። ደግሞ “በእሳትም ውስጥ በሄድህ ጊዜ አትቃጠልም” የሚለው የኢሳይያስ ቃል መጣብኝና ተናደድኩ። “ስለ ጉድጓድስ ምን ብለሃል?” አልኩት። በዚያ ሰዓት! ክንዴ ዝሎ ስንቀያየር፣ እንደገና ስይዝ፣ ያች ሰዓት አላልቅ አለች።

ልጁ አንዴ አቃሰተ። ሰው ሁሉ እልል አለ። እኔ አላመንኩም፤ ሊሞት ያለ ሰውም እንዲያ ይተነፍሳል። አንገቱን ዳሰስኩ። መታ። ጣቴን አነሣሁና እንደገና አስቀመጥኩ። መታ!

“በእሳትና በውኃ መካከል አለፍን፥ ወደ ዕረፍትም አወጣኸን” ይላል መዝሙረኛው። ሆስፒታል እስክንደርስ አምቡላንሱ ውስጥ ያልኩት እሱን ብቻ ነው።

ከዚያ ጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ ማሽን፣ እንደገና መራመድ መማር፤ ወራት አለፉ። ሌሊት ያልተኙለትን ነርሶችና ሐኪሞች እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የልጁ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች በየተራ እየመጡ ኮሪደሩ ላይ ሲጸልዩ፣ እኔም ነጠላዬን አጣፍቼ አጠገባቸው ቆሜ አውቃለሁ።

ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ሄድኩ። ልጁ ስለ ስእለቴ ሲሰማ ስቆ “እኔ ለጌታ ነው የማመሰግነው ሲስተር፤ የጃንጥላውን ዋጋ ግን ልካፈል” አለኝ። ተካፈለ።

ከጉድጓዱ ሁለተኛ የወጣው ሠራተኛ ግን አልተረፈም። ከገጠር ሥራ ፍለጋ የመጣ ልጅ ነበር። ስለ እሱም፣ ስለዚያ ሕፃንም እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁም። በየቅዳሴው እጠይቀዋለሁ፤ አንዳንዴም እቆጣለሁ። የክርስትና ስሙን ስለማላውቅ “ያ ሠራተኛ” ብዬ ነው የማሳስበው፤ እናንተም በጸሎታችሁ አስቡት።

የኛ ልጅ አሁን የስልክ ተረኛ ሆኗል። ሳንባው እስኪጠነክር ነው ብለውታል፤ እሱ ግን በየሳምንቱ መኪና ላይ መልሱኝ እያለ አለቃችንን ያስጨንቀዋል።