የበሬ ሥጋ ጠብሼ በአሳማ ተከሰስኩ

ባለቤቴ ለሥልጠና ደብረ ማርቆስ ሄዳ እኔና የዘጠኝ ዓመቱ ልጃችን ባሕር ዳር ቀረን። እስከ ረቡዕ ቤቱ ሰላም ነበር። ጠዋት ሻይ በዳቦ፣ ማታ ከውጭ የተገዛ ፍርፍር። ማንም አልተጎዳም። ሐሙስ ረፋዱ ላይ ግን ስልኬ ጠራ። አማቴ ናቸው፣ ከመራዊ።

«ነገ ጠዋት የዓይን ቀጠሮ አለኝ። ዛሬ እናንተ ዘንድ አድራለሁ። ምንም እንዳትለፋ የኔ ጌታ፣ ያለውን እንቀምሳለን።»

አማት ያለው ሰው «ያለውን እንቀምሳለን» ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል። ፈተና ነው። ውጤቱም በዚያው ማታ ለልጃቸው በስልክ ይነገራል። ቤት ውስጥ «ያለው» ደግሞ ግማሽ ሽንኩርትና ሦስት እንቁላል ነበር።

ባሕር ዳር ተቀምጠህ አሳ አትጠብስም ወይ የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ቆሮሶ ከጣና ወጥቶ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ይሸጣል። ነገር ግን አማቴ አንድ ጊዜ የአሳ እሾህ ጉሮሯቸው ላይ ተሰክቶባቸዋል። ከዚያ ወዲህ አሳ ሲያዩ አንገታቸውን ይይዛሉ። ዶሮ ወጥ እንዳልል፣ ሽንኩርቱን ማቁላላት ብቻ ግማሽ ቀን ይፈጃል። በዚያ ላይ የዶሮ ብልት 12 ነው። እኔ ከስድስት በላይ አላውቅም።

ያን ጊዜ ከልጄ ጋር ያየነው ቪዲዮ ትዝ አለኝ። «በ20 ደቂቃ የሚደርስ እራት» ይላል። ሽርጥ የታጠቀ ፈረንጅ ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው ሮዝ ሥጋ ፍርግርግ ላይ ያጋድማል። ስኳርና ሰናፍጭ የተደባለቀበት ነገር በብሩሽ ይቀባዋል። ሥጋው እንደ ተወለወለ ጫማ ያብለጨልጫል። ከጎኑ አናናስ ከቆርቆሮ እያወጣ ይጠብሳል። አለቀ። ሰውዬው ላብ እንኳ ጠብ አላለውም።

ሥጋው ሃም ነው። ሃም ማለት የአሳማ የኋላ እግር፣ በእኛ አጠራር ታፋው ነው። እኛ ቤት አሳማ በስሙም አይገባ። እኔ ግን ራሴን ከብልሆች ነው የምቆጥረው። ታፋ ከሆነ ጣጣው፣ በሬም ታፋ አለው አልኩ። ሰናፍጭ እንደሆነ ፈረንጅ አላስተማረን፤ ስልጆ የሚሠራው በምን ሆነና! በስኳር ፈንታ ማር አለ፣ ያውም የጎጃም ማር። የቀረኝ አናናስ ብቻ ነው።

ሥጋ ቤት ሄድኩ። ቆራጩ «ለጥብስ ነው ለወጥ?» አለኝ።

«ለሃም» አልኩት። ምነው አፌን ያዝ ባደረገኝ!

ቢላውን አየር ላይ አቁሞ አየኝ። «እሱን እዚህ አንሸጥም ወንድሜ» አለኝ። ሌሎቹ ገዢዎችም ዞር ብለው አዩኝ። «የበሬ ታፋ፣ አንድ ኪሎ ተኩል» ብዬ አረምኩ። ቆርጦ ሰጠኝ፤ ሂሳቡን ሲቀበለኝ ግን ዓይኔን እያየ አልነበረም።

አናናሱ ከደቡብ ድረስ ተጉዞ የመጣ ነው። ዋጋው ላይ የመንገድ አበሉ የተደመረ ይመስላል። አንስቼ አየሁት፣ ሸተትኩት፣ መልሼ አስቀመጥኩት። ሁለት ማንጎ ገዛሁ። ከጎረቤት ግቢ ደግሞ ገና አረንጓዴ የሆነች ፓፓያ ለመንኩ። ፍራፍሬ ሥጋ ያለሰልሳል ሲባል ሰምቻለሁ። ፓፓያዋን ፈጭቼ ሥጋውን ደህና አድርጌ አሸሁት። ቀኑ ስድስት ሰዓት ነበር። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከድኜ ካስቀመጥኩበት አወጣሁት።

ጣቴን ጫን ሳደርገው ጣቴ ገብቶ ቀረ።

የሥጋው ላይ ላዩ ሊጥ ሆኗል። ሊጥም ቢሆን ጥሩ ነበር፣ ይጋገራል። በኋላ እንደተረዳሁት ጥሬ ፓፓያ ውስጥ ፓፔይን የሚባል ፕሮቲን የሚበጣጥስ ኢንዛይም አለ። ነጩ ወተቷ ውስጥ ይበዛል፤ ስትበስል ይቀንሳል። አናናስም ብሮሜሊን የሚባል የራሱ አለው። የፈረንጁ አናናስ ግን የቆርቆሮ ነው፤ ሲታሸግ በሙቀት ስለሚያልፍ ኢንዛይሙ ሞቷል። የእኔ ፓፓያ በሕይወት ነበረች። ስድስት ሰዓት ሙሉ ሥጋዬን ስትበላ ውላለች።

ተስፋ አልቆረጥኩም። ቪዲዮው ላይ እንዳየሁት ሥጋውን በቅርንፉድ ጠቀጠቅኩት። ከዚያ ከሰል ማንደጃውን ግቢ አወጣሁ። አሁን ደግሞ ነፋሱ አለ። ቀን የብሱ ከሐይቁ ቀድሞ ይሞቃል፣ የሞቀው አየር ሽቅብ ይወጣል፣ የጣና አየር ቦታውን ሊይዝ ይመጣል። ይህን ተማሪ ቤት ተምሬ ፈተና ላይ በትክክል መልሻለሁ። ማንደጃውን ግን ፊት ለፊቱ አቆምኩት። ያን ቀን ደግሞ ነፋሱ እስከ ምሽት አልተኛም። ከሰሉ እንደ አንጥረኛ ምድጃ ተንቦገቦገ፤ አመዱ ሥጋው ላይ እንደ በርበሬ ተነሰነሰ።

ማሩን ከሰናፍጩ ጋር በጠበጥኩና ገና ከጅምሩ ቀባሁት። ጠቆረ። ጥቁሩን ለመሸፈን ደግሜ ቀባሁት። እሱም ጠቆረ። ሦስተኛውን ስቀባ እሳት ተነሣ። ልጄ «አባዬ፣ የቪዲዮው ሰውዬ እሳት አልነበረውም እኮ» አለኝ። የግቢው በር የተንኳኳው ልክ በዚያች ደቂቃ ነው።

አማቴ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ገቡ።

«ደኅና ነህ ወይ የኔ ጌታ? ምንድን ነው የሚቃጠለው?»

«ማር ነው እማማ።»

«የምን ማር?»

ዝም አልኩ። ማሰሮዋ ማንደጃው አጠገብ ተቀምጣለች። አፏን ያሰሩበት ጨርቅ ሳይቀር አጠገቧ ወድቋል። ራሳቸው ናቸው ከመራዊ የላኩት፣ ለልጃቸው ብለው። ጎንበስ ብለው አዩአት። ዘለግ ያለ ጊዜ አዩአት።

«እኔ እስከ ዛሬ ማር ሲበላ አይቻለሁ። ማር ተበጥብጦ ሲጠጣም አይቻለሁ። ሲቃጠል ግን…» አሉና አልጨረሱትም።

እራት ቀረበ። ሥጋው ባለሦስት ፎቅ ሆኖ ነው የወጣው። ላዩ ከሰል፣ መካከሉ ሊጥ፣ ውስጡ ቁርጥ። አማቴ ጨዋ ናቸው። ባርከው አንድ ጉርሻ ወሰዱ። ካፋቸው ውስጥ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ።

«ይኼ ምስማር ምንድን ነው?»

«ቅርንፉድ ነው እማማ።»

«ለሻይ አልነበር እንዴ?»

«ለጌጥም ይሆናል።»

እሳቸው ይህንንም ቻሉ። ለሁለተኛው ጉርሻ እጃቸውን ሲሰዱ ልጄ፣ የልፋቴ ፍሬ፣ አፉን ከፈተ።

«አያቴ፣ ይኼ ሃም ይባላል። ሃም ማለት አሳማ ነው።»

እጃቸው መንገድ ላይ ቆመ።

«በስመ አብ ወወልድ!»

«እማማ፣ በሬ ነው! አሳማው ቪዲዮው ላይ ያለው ነው! ይኼ ስሙን ብቻ ነው የወሰደው!»

«ስሙን ለምን ትወስድበታለህ?»

መልስ የለኝም። እስከ ዛሬም የለኝም። እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ ነገሩ ይበርድ ነበር። እኔ ግን ማስረዳት አበዛሁ። «ስም እኮ ምንም ማለት አይደለም» አልኩ። «ለምሳሌ ሃምበርገር ውሰዱ። ስሙ ሃም ይላል፤ አሳማ ግን የለበትም። ሀምቡርግ ከሚባል የጀርመን ከተማ የመጣ ስም ነው። የሚሠራው ከበሬ ሥጋ ነው።»

ፀጥ አሉ። አንድ ነገር ሲያሰሉ ዓይናቸው ላይ ይታያል።

«ልጄ የተመረቀች ዕለት ያበላችሁኝ፣ ያ ክብ ዳቦ…»

«እማማ፣ እሱ—»

«እሱም ሃም ነበር?»

ተነሥተው ወጡ። ግቢ ውስጥ ሲጉመጠመጡ ሰማሁ። አንዴ አይደለም። ሲመለሱ ስልካቸውን ይዘዋል። ደብረ ማርቆስ ላይ ስልክ ተነሣ። «ልጄ፣ ባልሽ ደኅና ነው?» ሲሉ ሰማኋቸው። «ሃይማኖት ለወጠ ወይ?»

ባለቤቴ ስልኩን ለእኔ እንዲሰጡኝ ጠየቀች። ለአንድ ደቂቃ ያህል ሳቀች። ቀጥሎ ማሩን ነገርኳት፤ ሳቋ ቆመ።

ምስክር ያስፈልገኝ ነበር። የሥጋ ቤቱ ስልክ አለኝ፤ ደወልኩና በድምፅ ማጉያ አደረግኩት። «ወንድሜ፣ ዛሬ የሸጥክልኝ ሥጋ የምን እንደሆነ ለአማቴ ንገርልኝ» አልኩት።

«አንተ ያ ሃም የጠየቅኸው ሰውዬ ነህ?» አለ በመጀመሪያ።

አማቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«የሸጥኩለት በሬ ነው እናቴ» አለ ሰውዬው። «ከእኔ ሲወጣ በሬ ነበር። ወስዶ ምን እንዳደረገው ግን አላውቅም።»

ከዚህ በላይ እውነተኛ ምስክርነት ሰምቼ አላውቅም። አማቴም በግማሽ ልብ ተቀበሉት። ሥጋውን ግን ማንም አልነካውም። ነገ አርብ ስለሆነ ለማደርም አይሆንም። ለግቢያችን ውሻ ሰጠሁት። ጅራቱን እየቆላ መጣ፣ አሸተተ፣ ጅራቱን አቆመ። ሰናፍጩ ይሁን ቅርንፉዱ እሱ ያውቃል።

እራታችን ሦስቱ እንቁላሎች ሆኑ፤ አማቴ ራሳቸው በግማሹ ሽንኩርት ጠበሷቸው። አንድ የዳነ ነገር ግን ነበር። ማንጎው። ማር ሳልቀባው ማንደጃው ዳር ረስቼው ነበር። ጠርዙ ቡናማ ሆኖ፣ ውስጡ ሞቆ፣ ጣፋጭነቱ እጥፍ ሆኖ ቆየኝ። አማቴ «ይኼስ ምን ይባላል?» አሉኝ። «ማንጎ» አልኩ ፈጥኜ። «ሌላ ስም የለውም?» «የለውም እማማ።» አራት ቁራጭ በሉ።

በማግስቱ ሐይቁ ዳር ሻይ ስንጠጣ ሆቴል ወጥ ቤት ለሚሠራ ጓደኛዬ ነገርኩት። ሆዱን ይዞ ሳቀና የ20 ደቂቃውን ምሥጢር ገለጠልኝ። ያ ፈረንጅ ምንም አላበሰለም። ያንን ዓይነቱን ሃም ገና ከፋብሪካው በጨው ዘፍዝፈው፣ በጭስ አጥነው፣ አብስለው ነው የሚሸጡት። ሰውዬው ያሞቀ ነበር። እኔ ጥሬ ታፋ ይዤ ነው ከእሱ ጋር የተሽቀዳደምኩት። ማሩንም እንዲሁ። ማር ውስጥ የሚበዛው ፍሩክቶስ 110 ዲግሪ ገደማ ላይ መቅላት ይጀምራል፤ ተራው ስኳር እስከ 160 አካባቢ ይታገሳል። የከሰል ፍም ከሁለቱም እጅግ ይበልጣል። «የሚቀባው ሊወርድ ሁለት ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ነው፣ አንተ ሰው!» አለኝ። ይህን ሐሙስ ዕለት ቢነግረኝ ማሰሮዋ ዛሬም ሙሉ ነበረች።

አማቴ ዓይናቸው ደኅና ሆኖ መራዊ ገብተዋል። በሳምንቱ ደወሉ። ስለ ማሩ አላነሡም። ስለ ሃሙም አላነሡም። ሰላምታው አለቀና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

«ዛሬ ምን በላችሁ?»

«ሽሮ ነው እማማ።»

ትንሽ ዝም አሉ።

«የምን ሽሮ?»