ጦም ያደረ መሬት ላይ አንድ ሌሊት

በእኛ አገር «መሬቱ ጦም አደረ» ማለት ነውር ነው። ወይ በሬ ሞቷል፣ ወይ አራሹ ታሟል፣ ወይ ሰውየው ሰነፍ ነው። አባቴ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ያለችውን መሬቱን አንድም ክረምት ጦም አሳድሯት አያውቅም። እና አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «እዚሁ እንግሊዝ ውስጥ ሆን ብለው ማረስ የተዉ ሰዎች አሉ፤ መሬቱን ለዱር ለቀውታል፤ ሄደሽ እዪው» ስትለኝ ተናደድኩ። ለማየት የሄድኩትም ከነንዴቴ ነው።

ቦታው ኔፕ ይባላል። ከለንደን በስተደቡብ፣ ምዕራብ ሰሴክስ ውስጥ ነው፤ 1,400 ሄክታር ገደማ ይሆናል። የግንቦቱን የሰኞ በዓል አስታክኬ ቅዳሜ ዕለት ከቪክቶሪያ ጣቢያ ባቡር ያዝኩ፣ ሆርሻም ወረድኩ። እስከዚህ የሚወራ ነገር የለም።

ከሆርሻም ታክሲ ያዝኩ። ሹፌሩ ስንነሳ «25 ፓውንድ» ብሎኝ ስንደርስ 38 ጠየቀኝ። የበዓል ሂሳብ ነው አለ። አገር ቤት ባጃጅ ውስጥ ከመግባቴ በፊት እከራከራለሁ፤ አንዴ ከተስማማን ግን አለቀ። ከገንዘቡ ይልቅ ቃሉን ማጠፉ ነው ያበሳጨኝ። ከፍዬ ወረድኩ፤ ብስጭቱ ግን እስከ ቀትር አልለቀቀኝም።

ደን ነበር የጠበቅኩት። ያገኘሁት ግን በአብዛኛው እሾህ ነው። አጋም የሚመስል ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ፣ ውሃ የተኛበት ሜዳ፣ አሳማ የገለበጠው አፈር። አባቴ ቢያየው «የዚህ ባለቤት ሞቷል» ነበር የሚለው። እዚህ አገር በሰው መሬት ላይ እንደ ልብ መሄድ አይቻልም፤ ለሕዝብ በተፈቀደው የእግር መንገድ ብቻ ነው። ያንን ይዤ ስሄድ አንድ ውሻ የያዙ ሽማግሌ አገኘሁ። ጡረታ የወጡ ገበሬ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በአካባቢው አርሰዋል። ከፔርሙዛቸው ሻይ ቀዱልኝና አግዳሚ ላይ ተቀመጥን።

«እርስዎስ ይህን ሲያዩ ምን ይሰማዎታል?» አልኳቸው።

መጀመሪያ እንደ ስድብ ነው ያየሁት አሉኝ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች እህል የጫኑ መርከቦችን ሲያሰጥሙ፣ መንግሥት አገሩን ሁሉ እረሱ ብሎ ነበር። የእሳቸው አባት ቁጥቋጦ መንጥረው፣ ረግረግ አድርቀው ያረሱት ያኔ ነው። ያ ልፋት በእሾህ ሲሸፈን ማየት ከበዳቸው። በዚያ ላይ ከብትና ፈረስ የሚመርዝ ቢጫ አበባ ያለው አረም በብዛት በቀለ። ጎረቤቱ ሁሉ አቤት አለ። እኔ ንዴቴን ይዤ ከለንደን ስመጣ፣ እሳቸው የእኔኑ ንዴት ከ20 ዓመት በፊት ጨርሰውታል።

የመሬቱ ባለቤቶች ቻርሊ ባረልና ባለቤቱ ኢዛቤላ ትሪ ናቸው። ቻርሊ ከአያቶቹ ወርሶ ለዓመታት በዘመናዊ መንገድ አረሰ፣ የወተት ላም አረባ። አፈሩ ግን ሸክላ ነው። ልክ እንደኛ መረሬ፣ ሲረጥብ እግር ይይዛል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ማዳበሪያው ቢጨመር፣ ማሽኑ ቢገዛ ኪሳራ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2000 ላሞቹንና ማሽኖቹን ሸጡ። ከዚያ በኋላ ቀንደ ረጃጅም ከብቶች፣ ኤክስሙር የሚባሉ ድንክ ፈረሶች፣ ታምዎርዝ የሚባሉ ቀያይ አሳሞችና አጋዘኖች ለቀቁበት። ከብሪታንያ በጠፉት የዱር ከብት፣ የዱር ፈረስና ከርከሮ ፋንታ መሆናቸው ነው።

ሥራውን የሚሠሩት እንስሳቱ ናቸው። አሳማው አፈሩን ይገለብጣል፤ በተገለበጠው አፈር ላይ አኻያ ይበቅላል፤ አኻያው ላይ ደግሞ ሐምራዊ ንጉሠ ነገሥት የሚሏት ብርቅ ቢራቢሮ እንቁላሏን ትጥላለች። ያ የናቅኩት እሾህም ሥራ አለው። የኦክ ዛፍ ችግኝ በውስጡ ተደብቆ ያድጋል፤ አጋዘንም ከብትም አይደርስበትም። ሽማግሌው ይህን ሲያስረዱኝ ዝም አልኩ። አባቴ አዲስ የተከላትን ችግኝ ፍየል እንዳይበላት ዙሪያዋን በእሾህ ያጥርላት ነበር። እዚህ አጥሩ ራሱ በቅሏል።

«ምግቡስ?» አልኳቸው። ይህን ጥያቄ ከልቤ ነው የጠየቅኩት። ረሃብን ከሚያውቅ ቤት ነው የወጣሁት። ተኩላ ስለሌለ እንስሳቱ ሲበዙ ሰው ይቀንሳቸዋል፣ ሥጋው ይሸጣል አሉኝ። ይህ ሸክላ ድሮም ብዙ ሰው አላበላም ብለው ጨመሩ። እኔ ጥሩ አፈር ይታረስ ባይ ነኝ፤ አሁንም። ደግሞም መሬት ጦም ማሳደር የሚችለው ቤተ መንግሥት የመሰለ ቤት የወረሰ ሰው ነው። አንድ ሄክታር የማይሞላ መሬት ያለው የጎጃም ገበሬ ይህን ቢሞክር ልጆቹ ናቸው ጦም የሚያድሩት። ያንን መሬት ሳይ ግን ስህተት ነው ማለት አቃተኝ።

ሌሊቱ ከባድ ነበር። ለንደን የገዛሁት የመኝታ ከረጢት ለብርድ ይሆናል ተብሎ የተሸጠልኝ ነው፤ አልሆነም። ካልሲ ደርቤ፣ ነጠላዬን አንገቴ ላይ ጠምጥሜ ድንኳን ውስጥ ተንቀጠቀጥኩ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ልነሳና ቁጭ ብዬ ላነጋ ስል አንድ ወፍ ጀመረ። ናይቲንጌል ነው። ትንሽ፣ ቡናማ፣ ቀን ብታየው ዞር ብለህ የማታየው ወፍ። የአውሮፓን ክረምት ምዕራብ አፍሪካ ከርሞ ነው የሚመጣው። ያፏጫል፣ ያቆማል፣ እንደገና በሌላ ድምፅ ይመለሳል። እንዲህ ያለ የወፍ ድምፅ የሰማሁት ልጅ ሆኜ ለኪዳን ማልደን ስንሄድ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ዙሪያ ባለው ደን ውስጥ ነበር። በእኛ አካባቢ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ የቀረው እዚያ ብቻ ነው፤ የታቦቱ ግቢ ስለሆነ ማንም መጥረቢያ አያነሳበትም። ብርዱ አልለቀቀኝም፤ ግን እስኪነጋ ሰማሁት።

ጠዋት ሽመላ አየሁ። ኦክ ዛፍ ጫፍ ላይ የጭራሮ ክምር የመሰለ ጎጆ ሠርቶ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ መንቁሩን ያንቋቋል። ብሪታንያ ውስጥ ሽመላ ጎጆ ሠርቶ እንደነበር የሚናገረው የድሮ መዝገብ የ1416 ነው፤ ኤዲንብራ፣ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ። ከዚያ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጫጩት የተፈለፈለው በ2020 እዚሁ ኔፕ ነው። ዘሩ የመጣው ከፖላንድ ነው፤ ተጎድተው ካገገሙ ወፎች። ሌላው ታች ሜዳው ላይ ቀንደ ረጃጅሞቹ ከብቶች ሲግጡ ከኋላቸው ቀስ እያለ ይራመዳል፤ ከሣሩ የሚነሳውን ፌንጣ ይለቅማል። አንድ ሰዓት ያህል ቆሜ አየሁት።

ሽማግሌው በቀጠሯችን መሠረት መጥተው በመኪናቸው ሆርሻም አደረሱኝ። ለቤንዚን ልስጥ ብል እጄን መለሱት። አረሙን እስከ ዛሬ አልወደውም፤ ግን በየዓመቱ ግንቦት ላይ ወፎቹን ልሰማ እመጣለሁ አሉኝ።

ባቡር ውስጥ ሆኜ አባቴ ጋ ደወልኩ። ያየሁትን ሁሉ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ።

«ይህን ሁሉ መሬት ጦም አሳደሩት?» አለኝ።

«አዎ አባዬ።»

«አዪ!» አለ። ስለ ሽመላው ስነግረው ግን ድምፁ ተለወጠ። «ነጭ ነው? ክንፉ ጥቁር፣ እግሩ ቀይ?»

«እሱ ነው።»

«እሱማ እኛም ጋ ይመጣል። ስናርስ ከኋላ ከኋላችን እየተከተለ ትሉን ይለቅማል።» ትንሽ ቆየ። «እዚያ አራሽ ከሌለ ታዲያ ማንን ይከተላል?»

«ከብቶቹን» አልኩት።