ማሲንቆውና ድምፁ ሲጋፉ፦ የጎጃምኛ ፖፕ ዘፈን ሚክስ ማስታወሻ

ሰላም ቤተሰብ! ስታገለው የከረምኩት የጎጃምኛ ዘፈን ሚክስ (የተቀዱትን ድምፆች አመጣጥኖ ማዋሃድ) አለቀ። ድምፃዊው ሰምቶ «አሁን ማሲንቆው አብሮኝ ነው የሚዘፍነው» አለኝ። ደስታዬን ለብቻዬ ከምይዘው የሠራልኝን ዘዴ ላካፍላችሁ።

ቀረጻው እዚሁ ደብረ ማርቆስ፣ ክፍሌ ውስጥ ነው። ከድምፃዊው ጀርባና ግራ ቀኙ ቡሉኮ ሰቀልኩ። ወፍራም ጥጥ ስለሆነ የግድግዳውን ነጸብራቅ በደንብ ይቀንሳል፤ ቤዝን ግን አይነካም። የምሠራው ሪፐር በሚባለው የድምፅ መቅጃና ማቀናበሪያ ሶፍትዌር ነው፤ 60 ቀን በነፃ ያስሞክራል፣ የግለሰብ ፈቃዱም 60 ዶላር ነው። ከበሮው፣ ቤዙና ኪቦርዱ 6/8 ምት ላይ ቶሎ ቦታቸውን ያዙ። ስለነሱ ብዙ የምለው የለኝም።

ያስቸገረኝ ማሲንቆው ነው። ኢንተርኔት ላይ የምናያቸው አብዛኞቹ ትምህርቶች ዘፋኙ ከፊት፣ ኮርድ የሚይዘው ጊታር ወይም ፒያኖ ከኋላ ነው ብለው ይነሳሉ። ማሲንቆ እንደዚያ አይደለም። አዝማሪው አንዲቷን የፈረስ ጭራ ገመድ እየገዘገዘ የድምፃዊውን ዜማ እግር በእግር ይከተላል፤ ያው ኖታ፣ በያው ሰዓት። ቃላቱ ጥርት ብለው የሚሰሙት በአብዛኛው ከ2 እስከ 4 ኪሎኸርዝ ባለው ክልል ነው፤ የጭራው ፍትጊያም እዚያው ነው ያለው። ግጥሙ ታዲያ ይዋጣል።

የማሲንቆውን ፌደር (የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያውን) ዝቅ ሳደርገው ዘፈኑ ጎጃምነቱ ጠፋ። በኢኪው (የድምፅ ክልሎችን ለይቶ መጨመሪያና መቀነሻ) ያንን ክልል ስቀንስለት ግጥሙ ተሰማ፤ ዘፋኙ ዝም ብሎ ማሲንቆው ብቻውን የሚጫወትበት ቦታ ላይ ግን ታፍኖ ቀረ። ወደ ግራ መግፋት በሄድፎን ሲሰሙት ያምራል፤ አንድ ስፒከር ባለው ስልክ ግን ግራና ቀኙ አንድ ላይ ስለሚደመር ጥቅሙ ይጠፋል። ሰው ደግሞ የሚሰማን በስልክና በባጃጅ ውስጥ ነው!

መፍትሔው ዳይናሚክ ኢኪው፣ ማለትም የመረጥነውን ክልል ሲያስፈልግ ብቻ ዝቅ የሚያደርግ ኢኪው ሆነ። ቲዲአር ኖቫ የሚባለው ፕለጊን (ሪፐር ውስጥ የሚጫን ተጨማሪ መሣሪያ) ነፃ ነው፤ እኔ ከሚሸጡት አልለየውም። ማሲንቆው ላይ ጫኑት። የዘፋኙን ድምፅ ከቮካል ትራኩ ወደ ማሲንቆው ትራክ ቻናል 3/4 ሴንድ አድርጉ (ላኩ)፤ ከዚያ ኖቫን ከውጭ የሚመጣውን ሳይድቼይን (መሣሪያውን የሚያዘውን የሌላ ትራክ ድምፅ) እንዲሰማ እዘዙት። አንዱን ባንድ (የድምፅ ክልል) 2.8 ኪሎኸርዝ አካባቢ ሰፋ አድርጉና ዘፋኙ አፉን ሲከፍት 3 ዲቢ ያህል ዝቅ እስኪል ትሬሾልዱን (ሥራ የሚጀምርበትን የድምፅ መጠን) አውርዱ። ዘፋኙ ሲያቆም ማሲንቆው ሙሉ ድምፁን ይዞ ይመለሳል።

ወሳኙ ሪሊዙ፣ ማለትም ዝቅ ያለው ድምፅ ወደ ቦታው እስኪመለስ የሚወስደው ጊዜ ነው። ስንኙ አልቆ ዘፋኙ ሲተነፍስ ማሲንቆው ፈጥኖ መልስ ይሰጣል አይደል? ሪሊዙ ከረዘመ የመልሷ መነሻ፣ ጭራው ገመዱን ቆንጠጥ የሚያደርግባት ቅጽበት፣ ተቀብራ ትቀራለች። ካጠረ ደግሞ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። እኔ 150 ሚሊሰከንድ አካባቢ ላይ ረጋሁ። እናንተ በዘፈናችሁ ፍጥነት ወስኑ፤ ቁጥሬን እንዳለ አትቅዱት።

ስለ ፒች ማስተካከያም (የዘፋኙን ኖታ ስለሚያቀናው መሣሪያ) አንድ ነገር ልበል። የዘፈኑ ቅኝት አንቺሆዬ ነው። ከሲ ሲነሳ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላትና ኤ ነው። ሜጀርም ሆነ ተራው ማይነር እነዚህን አምስቱን አንድ ላይ አይዝም። ስለዚህ ማስተካከያው ላይ ኖታዎቹን አንድ በአንድ ራሳችሁ ምረጡ። የማስተካከያውንም ፍጥነት ዜሮ ላይ አታድርጉት፤ የድምፁን መርገብገብ ይገድለዋል። ድምፅ የማይርገበገብበት ጎጃምኛ እኔ አልሰማም።

ኮምፕሬሰር (ጎልቶ የወጣውን ድምፅ የሚጨቁነው መሣሪያ) ላይ ደግሞ የኛ ጠ፣ ቀ እና ጨ ሹል ጫፍ አላቸው። አታኩ (መጨቆን እስኪጀምር የሚወስደው ጊዜ) በጣም ሲያጥር እነሱን እያሳደደ የሚከተለውን አናባቢ ይደፈጥጣል። እኔ በጣም የሾሉትን በእጄ ዝቅ አድርጌ፣ አታኩን 10 ሚሊሰከንድ አካባቢ ተውኩት። አድካሚ ነው፤ ግን ከማንኛውም ፕሪሴት (ተዘጋጅቶ ከሚመጣ ቅንብር) ይሻላል። ፕሪሴት የሠራው ሰው አማርኛ ሲዘፈን ሰምቶ አይመስለኝም።

ማስተሪንጉ (ያለቀውን ሚክስ ለሕዝብ ማዘጋጀቱ) አጭር ነው። ሊሚተሩ (ድምፁ ከተወሰነ ጣሪያ እንዳያልፍ የሚይዘው) ከ2 እስከ 3 ዲቢ ብቻ ይቀንሳል፤ ትሩ ፒኩ (የድምፁ እውነተኛ ከፍተኛ ጫፍ) ከ-1 ዲቢ አያልፍም። በነፃው የዩሊን ሜትር ስለካው -11 ሉፍስ (የጩኸት መለኪያ አሃድ) አካባቢ ነው። «እንደነ እገሌ ዘፈን ይጩህ» የሚል ጥያቄ መጥቶብኝ አልተስማማሁም። ዩቲዩብ ከ-14 ሉፍስ በላይ የጮኸውን ራሱ ዝቅ ያደርገዋል፤ የሚቀረን የተደፈጠጠ ከበሮ ነው።

ቤዙ ላይ ግን አሁንም ልቤ አልረጋም። ክፍሌ ጠባብ ስለሆነች 60 ኸርዝ አካባቢ አንዱ ጥግ ላይ ይጮኻል፣ መሃል ላይ ይጠፋል። በሄድፎን ነው የወሰንኩት። ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር በደንብ የተዘጋጀ ክፍልና ጥሩ ሞኒተር (የስቱዲዮ ስፒከር) ያላችሁ ካላችሁ፣ ፋይሉን በፍላሽ ይዤ ልምጣና አብረን እንስማው።