ከእንጦጦ በፊት ያለች ዓርብ

ዓርብ ማታ፣ ኅዳር መጨረሻ

ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ 24 ልጆች ሽሮ ሜዳ ይገናኛሉ፤ ከዚያ በእግር ወደ እንጦጦ። አዋቂዎቹ አራት ነን። ገመዱ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥኑና የስም ዝርዝሩ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተዋል። የስካውት ረዳት ሥራ አብዛኛው የሚያልቀው እንዲህ ባለች ማታ ነው። ቅዳሜ ላይ ታች ሲል የሚውል አዋቂ ካለ ዓርብ የተኛ ነው።

ልጆቹ በሦስት ፓትሮል፣ ማለትም የራሱ መሪ ልጅ ባለው ቡድን፣ ይከፈላሉ፣ ስምንት ስምንት ሆነው። ከዚያ ሲበዙ የመሪው ልጅ ድምፅ አይደርስም፤ ከስድስት ሲያንሱ ደግሞ ሁለቱን ጉንፋን ቢያስቀራቸው ሥራው ይቆማል። የስካውት መሥራች ቤደን ፓወል በ1907 እ.ኤ.አ. ብራውንሲ በምትባል የእንግሊዝ ደሴት ላይ 20 ያህል ልጆች ይዞ ሲሰፍር በአራት ፓትሮል ከፍሏቸው ነበር፤ እስካሁን ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላየሁም። አዋቂው የሚያነጋግረው መሪውን ነው፣ መሪው ደግሞ ልጆቹን። ትንሽ ልጅ መጥቶ «ጋሼ፣ ቦርሳዬን የት ላስቀምጥ?» ሲል «መሪህን ጠይቅ» ማለት አፍ ላይ ይከብዳል። እኛ ዘንድ ታላቅ ባለበት ታናሽ አይናገርም፤ ጋሼ አጠገቧ ከተገተረ የ14 ዓመቷ መሪ ትእዛዝ አትሰጥም። መፍትሔው አጠገቧ አለመቆም ነው። ሃያ እርምጃ ራቅ ብሎ፣ ግን ሁሉም በሚታይበት ቦታ።

አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን አይሆንም። ቁስል ሲታሰርም፣ ያመመው ልጅ ወደ ቤት ሲሸኝም ሌላ አዋቂ ማየት አለበት። ቴሌግራም ላይም ያው ነው፤ መልእክት የሚላከው ወላጆችና ቢያንስ ሁለት ረዳቶች ባሉበት ግሩፕ እንጂ ለልጁ በግል አይደለም። ሴቶች ልጆች እያሉ ሴት ረዳት ከጠፋች ጉዞው ይሰረዛል። ልጆች ወደ ጥሻ ሲሄዱ ሦስት ሆነው ነው፤ አንዱ እግሩን ቢያጥፍ አንዱ አብሮት ይቆያል፣ አንዱ ይጠራናል። ይህን ደንብ «እኛን መጠርጠር ነው» እያለ የሚቆጣ በጎ ፈቃደኛ አይጠፋም። ከተቆጣ ቢቀር ይሻላል።

የእግር ጉዞው ስሌት ብዙ አያነጋግርም። ሜዳ ላይ በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር፣ በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ 100 ሜትር ሽቅብ 15 ደቂቃ መጨመር ነው። ቀርፋፋው ልጅ ከፊት ይሆናል። ከኋላ ከሆነ ፊተኞቹ ቆመው ሲጠብቁት ያርፋሉ፤ እሱ ሲደርስ እነሱ ይነሣሉ፤ ቀኑን ሙሉ ሳያርፍ የሚውለው የደከመው ልጅ ነው። ከሁሉም ኋላ አንድ አዋቂ ይሄዳል፣ ማንንም አይቀድምም። ቆጠራው በየመንገዱ መገንጠያና ከእያንዳንዱ ዕረፍት በኋላ ነው፤ የሚቆጥሩት መሪዎቹ ሲሆኑ «ስምንት» የሚል ቃል ከሦስቱም ካልተሰማ አንንቀሳቀስም።

ውኃ ለአንድ ልጅ ሁለት ሊትር፣ ማለትም ሁለት ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ። ጾመ ነቢያት ገብቷል፤ ደግነቱ ቅዳሜ በሰዓት ስለማይጾም ውኃ አልጠጣም የሚል አይኖርም። ዓርብ ቢሆን ሽቅቡን ተዉት ነበር የምለው። በረመዳንም የቀን ጉዞ አይታሰብም፤ የሙስሊም ልጆች አፋቸው ደርቆ ሌላው እየጠጣ ተራራ አይወጣም። ምግቡ ሁሉም የሚበላው መሆን አለበት፦ ቆሎ፣ በዘይት የተሠራ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ። ጭኮ ቅቤ ስላለበት ለገና ይቆይ። በሶውን ልጆቹ ራሳቸው ያሹታል፤ ሁልጊዜ የሚበላሸውም በአንድ ምክንያት ነው፤ ውኃውን በአንዴ ይገለብጡበታል። ዱቄቱና ጨው ቀድሞ ሳሕን ውስጥ ይገባል፣ ውኃው በእፍኝ በእፍኝ ይከተላል፣ በጣት ጫፍ ይታሻል። እጅ ላይ መጣበቁን ትቶ ሲጨበጥ ቅርጹን ከያዘ በቃው። ከቀጠነ ዱቄት መጨመር ነው፤ ለዚያ ብዬ ግማሽ ኪሎ ትርፍ ይዣለሁ።

ከሁሉም ብዙ ያሳሰበኝ የአቅጣጫው ትምህርት ነው። ስካውት ያመጣቸው ዘዴዎች የተጻፉት ከኢትዮጵያ በጣም ወደ ሰሜን ርቆ ለሚኖር ልጅ ነው፤ እንዳሉ ቢነገሩ ልጁን ያሳስቱታል። የእጅ ሰዓቱን ዘዴ ብንወስድ፣ አጭሩን የሰዓት ቆጣሪ ወደ ፀሐይ አዙርና በእሱና በ12 መካከል ያለውን አጋማሽ ያዝ፣ ደቡብ ነው ይላል። የእኛ ልጆች ሰዓት ግን ቀትር ላይ 6 ነው የሚለው። በ12 ከተለካ ስሕተቱ ሩብ ዙር ሙሉ ነው፣ ደቡብ ያሉት ምሥራቅ ወይም ምዕራብ ሆኖ ያርፋል። በሐበሻ ሰዓት መለካት ያለበት ከ6 ነው። ይህም ቢሆን ዓመቱን ሙሉ አይሠራም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ከሚያዝያ መጀመሪያ ገደማ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። ደቡብ የተባለው ሰሜን ይሆናል። አሁን ኅዳር ስለሆነ ፀሐይ በደቡብ ናት፤ ቢሆንም የበትሩን ጥላ እመርጣለሁ።

አንድ ሜትር በትር ቀጥ አድርጎ መትከል፣ የጥላው ጫፍ ላይ ጠጠር ማኖር፣ 20 ደቂቃ መጠበቅ፣ አዲሱ ጫፍ ላይ ሁለተኛ ጠጠር። የመጀመሪያው ምዕራብ፣ ሁለተኛው ምሥራቅ ነው። ከ5 እስከ 7 ሰዓት ባለው ጊዜ ቢደረግ ይመረጣል፤ በጠዋት ከሆነ መስመሩ ይጣመማል። በዚህ ሰሞን የቀትር ጥላ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በ20 ደቂቃ የሚሄደው 10 ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ስለሆነ ወፍራም ጠጠር ሁሉንም ያበላሻል። ባቄላ የምታህል ትብቃ። ልጆቹ ትዕግሥት ሲያጡ በአምስተኛው ደቂቃ ጠጠር ይጥላሉ፤ ያኔ ዝም ማለት ነው። ውጤቱን በኮምፓስ ሲያነጻጽሩት ራሳቸው ያዩታል። ኮምፓሱ ግን ከስልክ አንድ ክንድ ይራቅ።

የሰሜን ኮከብም እንዲሁ ነው። ለእኛ ከአድማስ 9 ዲግሪ ብቻ ከፍ ይላል፣ ክንድ ተዘርግቶ የተጨበጠ እጅ ስፋት እንኳ አይሞላም፤ ከከተማው ሰሜን ያለው ደግሞ ራሱ እንጦጦ ነው። ተራራው ሥር ያለ ልጅ ቢፈልገው ባሕር ዛፍ ነው የሚያየው። በምትኩ ኦሪዮንን ማሳየት ነው። መካከሉ ላይ የተደረደሩት ሦስት ኮከቦች ከምሥራቅ ወጥተው ምዕራብ ይጠልቃሉ፣ የትም አገር። በዚህ ሰሞን ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ብቅ ስለሚሉ ልጆቹ ከየግቢያቸው ሊያዩአቸው ይችላሉ። አዳር ወስደን ብናሳያቸው ደስ ባለኝ፤ ግን እሁድ ቅዳሴ ስለሚያስቀር ወላጆች አይወዱትም፣ እውነታቸውን ነው።

ከምሳ በኋላ እያንዳንዱ ፓትሮል ቃሬዛ ይሠራል። ሁለት ሜትር የሆኑ ሁለት እንጨቶች፣ 60 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት አግዳሚዎች፣ አራት ማሰሪያ። ለአንዱ ማሰሪያ 3 ሜትር ገመድ ስለሚያስፈልግ ለሦስቱ ቃሬዛ 36 ሜትር ነው፤ 40 አድርጌዋለሁ። እንጨቱ ደረቅ ይሁን። ርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ዛሬ የጠበቀው ማሰሪያ በማግስቱ ይወዛወዛል። የቃጫ ገመድ ሲረጥብ አብጦ ይጠብቃል፣ ሲደርቅ ይላላል፤ ናይለኑ ደግሞ ይሳባል፣ ቋጠሮውም ይንሸራተታል። ቃጫውን መርጫለሁ፣ ጫፎቹን በክር ጠምጥሜ።

ማሰሪያው የሚጀምረው ረጅሙ እንጨት ላይ ነው። ገመዱ ሁለት ጊዜ ይዞርና ሁለተኛው ዙር ከራሱ ሥር ሾልኮ ይወጣል። ከዚያ እንጨቶቹ በተሻገሩበት ላይ አንዱን ከላይ አንዱን ከሥር እያሉ ሦስት ዙር፣ ሳይደራረብ፣ ጎን ለጎን። ልጆች እዚህ ላይ ያስራሉና አለቀ ይላሉ። የሚይዘው ግን ቀጥሎ ያለው ነው፤ ገመዱ በሁለቱ እንጨቶች መካከል ገብቶ የጠመጠሙትን ራሱን ሁለት ጊዜ አንቆ ይዞራል፣ በየዙሩ እግር እንጨቱ ላይ ተደርጎ በሙሉ ክብደት ይሳባል። ያለዚህ ቃሬዛው አራት ማዕዘንነቱ ቀርቶ ይጋደማል። መጨረሻው አግዳሚው ላይ፣ እንደ መጀመሪያው ቋጠሮ።

ፈተናው ጋቢ ዘርግቶ ሦስት የተሞሉ ቦርሳዎች መጫን ነው። ልጅ የሚተኛበት ከዚያ በኋላ ነው፤ ያውም መጀመሪያ ከመሬት አንድ ስንዝር ብቻ ይነሣል። ማሰሪያው የሚፈታ ከሆነ እዚያ ይፈታ። ከመነሣቱ በፊት ግን አዋቂ እጁን ሰዶ ማጥበቅ የለበትም። አለበለዚያ የተፈተነው የእኛ ቋጠሮ ነው።

ሻይ የሚፈላው በቡታጋዝ ነው። ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት አለው፣ አንድ ፍንጣሪ ይበቃዋል። በዚያ ከፍታ ውኃ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ የምንጭ ውኃ ካስፈለገ ሦስት ደቂቃ ይንተክተክ። የተቃጠለ እጅ ቢኖር 20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውኃ ይፈስበታል፤ የጥርስ ሳሙናም ቅቤም አይነካውም። ለዚህ ለብቻው ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ሞልቻለሁ፣ ላዩ ላይ በማርከር «ለመጠጥ አይደለም» ተብሎ። ነገ ማን እንደሚሸከመው መሪዎቹ ይወስኑ።