ከቻንዲጋር እስከ ካልፓ፦ በበረዶ ወራት የሂማላያን መንገድ እንዴት እንዳቀድነው

ሺምላ በሰሜን ሕንድ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ አዲስ አበባ ትበልጣታለች። የጉዟችን መድረሻ ካልፓም ብትሆን በከፍታ ከደብረ ብርሃን እምብዛም አትርቅም። ስለዚህ ከፍታው እኛን ደጋ ያደግን ሰዎች አያስደነግጠንም። የሚያስደነግጠው ሌላ ነው። እነዚህ ከተሞች ከምድር ወገብ 31 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ይገኛሉ። የታኅሣሥ ፀሐይ አጋድላ ታልፋቸዋለች፣ ቀኑ ያጥራል፣ ገደል የጋረደው መንገድም ቀኑን ሙሉ ሳይሞቅ ይመሻል። እኔና ሁለት ያገሬ ልጆች፣ ሦስታችንም ሜዳው ላይ ባለችው በቻንዲጋር ከተማ የምንማር፣ የገናን በዓል ካልፓ ለማሳለፍ ስናስብ ዕቅዳችንን በኪሎ ሜትር ሳይሆን በብርሃን ሰዓት ሠራነው። ለሌላው ዝግጅት ሁሉ መነሻ የሆነን ይህ ነበር።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በታኅሣሥ መጨረሻ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከሩብ ካለፈ በኋላ ነው፤ የምትጠልቀው 11 ሰዓት ተኩል ገደማ። ሌሊት የረጋው ውርጭ ጠዋት እስኪለቅ ደግሞ ቢያንስ እስከ 3 ሰዓት መጠበቅ ይገባል፤ ማታም ከ10 ሰዓት በኋላ ሸለቆው ውስጥ ፀሐይ የለም። በመካከል የሚተርፈው ሰባት ሰዓት ነው። በተራራ መንገድ ላይ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ከሄዱ ጥሩ ሄደዋል፤ ሻይ፣ ምሳና ከፊት የቆመ የጭነት መኪናም አለ። ስለዚህ ከ130 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጠይቅ ቀን እንዳይኖረን ወሰንን። ከሺምላ እስከ ካልፓ ከ220 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የስልኩ ካርታ በአንድ ቀን ይገባል ይላል፤ ቀኑ በሚረዝምበትና በረዶ በሌለበት ወቅት ይገባ ይሆናል። እኛ ራምፑርና ሳራሃን ላይ ከፋፈልነው።

የመነሻውን ቀን የመረጥነው ከፈረንጆቹ አዲስ ዓመት በኋላ ነው። ከታኅሣሣቸው 24 ጀምሮ እስከ ጥር መግቢያ ድረስ የደልሂና የፑንጃብ ሰው በረዶ ለማየት ወደ ሺምላና ወደ ማናሊ ይጎርፋል። የሆቴል ዋጋ ይሰቀላል፤ መኪኖችም ተራራው ላይ ተሰልፈው ይውላሉ። የበዓሉ ግርግር ሲበተን የእኛ ገና ገና አልደረሰም ነበር። አበሻ መሆን እዚህ ላይ ጠቅሞናል።

ስለ በረዶው አመጣጥ ማወቅም ለዕቅድ ይረዳል። በሰሜን ምዕራብ ሂማላያ በቅዝቃዜው ወራት የሚወርደው በረዶ የክረምቱ ዝናብ ዘመድ አይደለም። ከሜዲትራኒያን አካባቢ ተነሥቶ በኢራንና በአፍጋኒስታን በኩል ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ የአየር ሥርዓት ይዞት ይመጣል። ከሩቅ ስለሚመጣ የሕንድ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት ቀናት ቀድሞ ያየዋል፤ ማስጠንቀቂያውንም በቢጫ፣ በብርቱካናማና በቀይ ቀለም ለየወረዳው ያወጣል። እኛ ቢጫ ሲወጣ ሾፌሩን ልናማክር፣ ብርቱካናማ ሲወጣ ዝቅ ብለን ልናድር፣ ቀይ ሲወጣ ካለንበት ላንነቃነቅ ተስማማን። ይህን ስምምነት ቤት ውስጥ፣ ከጉዞው በፊት ማድረግ ይሻላል። መንገድ ላይ ሆኖ፣ ሆቴሉ ተከፍሎበት፣ ተራራው ከፊት እየታየ የሚደረግ ውሳኔ ሁልጊዜ ወደ መሄድ ያጋድላል።

«ዝቅ ብሎ ማደር» ያልኩትን ላብራራ፤ ከዕቅዱ ሁሉ የምኮራበት ክፍል ነውና። ለእያንዳንዱ ከፍ ያለ ማደሪያ አንድ ዝቅ ያለ መሸሻ መደብንለት። የካልፓ መሸሻ ከሥሯ ያለችው ሬኮንግ ፒዮ ናት፤ የወረዳው ዋና ከተማ ስለሆነች ባንክ፣ ሆስፒታልና የአውቶቡስ ጣቢያ አላት። የሳራሃን መሸሻ ራምፑር ናት። ራምፑር በሳትለጅ ወንዝ ዳር፣ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች በረዶ እምብዛም አይነካትም። ከሺምላ ወደ ራምፑር ሲኬድ ናርካንዳ የሚባል 2,700 ሜትር የሚደርስ ከፍታ አለ፤ በረዶ ሲጥል መጀመሪያ የሚዘጋው ይህ ነው። ለእርሱም ምትክ አለው። በባሳንትፑር በኩል ወደ ሳትለጅ ሸለቆ ወርዶ ኪንጋል ላይ ከዋናው መንገድ የሚገናኝ ዝቅተኛ መንገድ ነው፤ ጠባብና ጠመዝማዛ ቢሆንም ዋናው ሲዘጋ ሰው የሚያልፈው በእርሱ ነው።

መኪናውን ራሳችን ልንነዳ አላሰብንም። ሕንድ ውስጥ የሚነዳው በግራ በኩል ነው፤ በዚያ ላይ ገደልና በረዶ ሲጨመር ለቀኝ ነጂ የሚሆን ትምህርት ቤት አይደለም። የፈለግነው ቢጫ ሰሌዳ ያለው፣ ማለትም ሰው ለማመላለስ ፈቃድ ያለው መኪና፣ ሾፌሩም የዚያው አገር ሰው የሆነ ነው። ከሜዳው ከተማ የሚመጣ ሾፌር ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ የትኛው መታጠፊያ ጥላ ውስጥ እንደሚውል ግን አያውቅም። ሦስት ነገር ጠየቅን፦ ባለፈው ጥር ካልፓ ሄደዋል ወይ? የጎማ ሰንሰለት አለዎት ወይ? በረዶ ቢይዘን ለተጨማሪው ቀን ስንት ያስከፍሉናል? ያገኘናቸው ሰው ራምፑር የተወለዱ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ነበሩ። ሦስተኛውን ጥያቄ ሲሰሙ ደስ አላቸው። «እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ መንገደኛ አያስቸኩለኝም» አሉን። «ባያጂ» (ታላቅ ወንድም እንደ ማለት ነው) እያልን፣ እርሳቸውም «ልጆቼ» እያሉን ተነሣን።

መጀመሪያ የሚያስቸግረው ተራራው ሳይሆን ሜዳው ነው። በዚያ ወር የፑንጃብን ሜዳ የሚሸፍነው ጉም አሥር እርምጃ አያሳይም። ማለዳ ተነሥቶ መንገድ መጨረስ ያገራችን ልማድ ነው፤ እዚህ ግን እስከ 4 ሰዓት ጠብቀን ጉሙ ሲነሣ ወጣን። ካልካን አልፈን ወደ ላይ ስንቃና ሰማዩ ጠራ። ከጎናችን በ1903 የተከፈተው የጠባብ ሐዲድ ባቡር መስመር ከዋሻ ወደ ዋሻ እየገባ አብሮን ወጣ። ስለ ሺምላ ብዙ ተጽፏል፤ እኔ አንድ ነገር ብቻ እላለሁ፦ ዋናው ጎዳና መኪና ስለማይገባበት ሻንጣዎን ሽቅብ ይሸከማሉና ዕቃ ይቀንሱ።

በማግስቱ ብርቱካናማ ማስጠንቀቂያ ወጣ። ናርካንዳ ላይ ፖም የሚተከልበትን ዳገት ልናይ ነበር ሐሳባችን። የአካባቢው ሀብት የሆነውን ቀዩን ፖም በ1910ዎቹ ኮትጋርህ ላይ ያስለመደው ሳሙኤል ስቶክስ የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ እዚያው አግብቶ፣ በኋላም ስሙን ሳትያናንድ ብሎ ቀርቷል። ሳናየው በባሳንትፑር ወርደን ራምፑር ገባን። ሌሊቱን ራምፑር ላይ ዝናብ ዘነበ፤ ያ ዝናብ ናርካንዳ ላይ በረዶ ነበር። ቀኑን እዚያው ዋልን። ገበያው ውስጥ የሱፍ ካልሲ ገዛን፣ ወንዙን አየን፣ ተኛን። ዕቅዱ ውስጥ ያስገባነው የመጠባበቂያ ቀን ስለሆነ ማንም ፊቱ አልጠቆረም።

በማግስቱ ሰማዩ ኩልል ብሎ ጠራ፤ እኛም አሁን እንሂድ አልን። ባያጂ ግን እስከ 4 ሰዓት አልተነሡም። በረዶ ከጣለ በኋላ ያለው ጥርት ያለ ጠዋት ከሁሉ የከፋ መሆኑን ያስረዱን ያን ጊዜ ነው። ደመና ስለሌለ ሌሊቱ ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ ቀን የቀለጠው ውኃ አስፋልቱ ላይ እንደ ብርጭቆ ይረጋል፣ የመንገዱን ቀለም ስለሚመስልም አይታይም። ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ የረጋው በረዶ ይለቅና ድንጋይ ይወርዳል። ጄዎሪን አልፈን ወደ ሳራሃን ስንታጠፍ አንድ ጥላ ያጠላበት መታጠፊያ ላይ መኪናውን አቁመው ወረዱ። በጫማቸው ጫፍ አስፋልቱን ፋቅ ፋቅ አደረጉ፣ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ነኩት። ከኋላ ከጫኑት ጆንያ አፈር እያፈሱ ጎማው የሚያርፍባቸውን ሁለት መስመሮች ብቻ ሸፈኑ፤ ከዚያ ፍሬን ሳይነኩ በአንደኛ ማርሽ ቀስ ብለው አለፉ። ከላይ የሚወርድ ሌላ መኪና ቆሞ ጠበቀን፤ ለሚወጣ መኪና ቅድሚያ መስጠት የተራራው ሕግ ነው። የተረፈውን አፈር ለእርሱ ተዉለት።

ሳራሃን የቢማካሊ ቤተ መቅደስ አለ። ግንቡ አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ ድንጋይ እየተደረደረ ያለ ጭቃ የተሠራ ነው፤ የምድር መንቀጥቀጥ ሲመጣ እንጨቱ እንዲወዛወዝና ድንጋዩን እንዲይዝ ታስቦ ነው ይላሉ። ከፊቱ ቆሜ ላስታ ውስጥ ያለውን ይምርሐነ ክርስቶስን አሰብኩ፤ እርሱም እንዲሁ እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቀ የታነጸ ነው። በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር የተራራቁ ደገኞች ለአንድ ዓይነት ችግር አንድ ዓይነት መልስ ማግኘታቸው ልቤን ነካው። ለመግባት የቆዳ ቀበቶና ቦርሳ ደጅ ይቀራል፣ ራስም ይሸፈናል፤ ቆብ ከበሩ ላይ ያውሱዎታል።

ካልፓ የገባነው በገና ዋዜማ ነው። የነቢያት ጾም ላይ ስለነበርን ምግብ ያስቸግረናል ብለን ፈርተን ነበር፤ ምስር፣ ባቄላና ሩዝ ግን በየቤቱ ሞልቷል። መጠንቀቅ ያለብዎት የነጠረ ቅቤ ላይ ነው፤ ካልተናገሩ ሁሉም ላይ ይፈስሳል። ሻዩም ያለ ወተት እንዲሆን ቀድሞ ማዘዝ ያስፈልጋል። በበዓሉ ጠዋት የቤቱ እመቤት ሲዱ ሠሩልን፦ የቦካ የስንዴ ሊጥ ውስጡ የተወቀጠ ለውዝ ተደርጎበት በእንፋሎት የበሰለ፣ ትኩሱን በቅቤ የሚበላ። ከመስኮቱ ማዶ ከ6,000 ሜትር በላይ የሚረዝመው ኪናር ካይላሽ ፀሐይ እየነካው ነበር። ለሦስታችንም ከአገር ወጥተን ያሳለፍነው ምርጥ ገና ነው።

ሌሊት ላይ መብራት ጠፋ፤ እመቤቲቱም ሞቅ እንዲለን የከሰል ማንደጃ አቀረቡልን። አመስግነን መለስነው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ምን እንደሚያደርግ እኛ አገር የማያውቅ የለም፤ ቅዝቃዜ ሲበረታ ግን ይረሳል። ቡኻሪ የሚባለው ጭስ ማውጫ ያለው የእንጨት ምድጃ ሌላ ነገር ነው፤ ክፍል ስትይዙ እርሱ መኖሩን ጠይቁ። ጋቢ ይዛችሁ ሂዱ፣ ለክፍል ውስጥ ወደር የለውም፤ ደጅ ግን ጥጥ ከረጠበ ስለማያሞቅ ሱፍ ልበሱ። ቧንቧ ስለሚረጋ ማታውኑ ባልዲ ሙሉ ውኃ አስቀምጡ። ጥሬ ገንዘብ ራምፑር ወይም ሬኮንግ ፒዮ ላይ አውጡ።

ወረቀትን በተመለከተ፣ ማንኛውም ማደሪያ የውጭ አገር እንግዳ ሲቀበል በ24 ሰዓት ውስጥ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ ስላለበት ትንንሾቹ ቤቶች አንዳንዴ አንቀበልም ይላሉ። አንድ የእንግዳ ማረፊያ በስልክ ስንጠይቅ እንዲህ ስላለን ሌላ ፈለግን። ገንዘብ ከመላክ በፊት «የውጭ አገር ዜጋ ነን» ማለት፣ የፓስፖርትና የቪዛ ቅጂም መያዝ ያስፈልጋል። ካልፓና ሳንግላ ለውጭ ዜጋ ልዩ ፈቃድ አይጠይቁም፤ ከፒዮ አልፎ በጃንጊ በኩል ወደ ስፒቲ ሸለቆ ለመቀጠል ግን ያስፈልጋል፣ ፒዮ ላይም ይሰጣል።

ሺምላ ስንመለስ ናርካንዳ ተጠርጎ ተከፍቶ ነበር። ለባያጂ ከተዋዋልንባቸው የመጠባበቂያ ቀናት አንዱን አልተጠቀምንበትም፤ እርሳቸውም ገንዘቡን ሊመልሱልን አሰቡ። አልተቀበልንም። ያን ቀን ለእኛ ሲሉ ሌላ ሥራ ሳይዙበት አቆይተውታል፤ የገዛነውም እርሱን ነበር።