እቴጌ የተመለሱበት ቤት

በእንጦጦ ተራራ ራስ ላይ ወዳለው የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የሚወጣ ሰው የጎንደርን ግንብ በልቡ ይዞ ከወጣ ቅር ይለዋል። እዚያ የድንጋይ ማማ የለም፤ ከሩቅ የሚያስደነግጥ ቅጥርም የለም። ያለው በእንጨት ተማግሮ፣ በጭቃ ተመርጎ፣ ኖራ ተቀብቶ፣ በሣር የተከደነ ቤት ነው። አብዛኛው ጎብኚ ፎቶግራፍ አንስቶ፣ አንድ ዙር ዞሮ ቶሎ ይወጣል። እኔ ባለፈው ቅዳሜ ከአክስቴ ጋር ሄጄ ግማሹን ቀን እዚያው ዋልኩ። ከወረድኩ በኋላም ሐሳቡ አልለቀቀኝም። የማስበው ስለ ምኒልክ አይደለም፤ ስለ እቴጌ ጣይቱ ነው።

ጠዋት ሽሮ ሜዳ ስንደርስ የሸማ ነጋዴዎቹ ገና ሱቃቸውን እየከፈቱ፣ ጥለት ያለውን ቀሚስ አንድ በአንድ በሩ ላይ እየሰቀሉ ነበር። ከዚያ ወደ ማርያም የሚወጣ ታክሲ ያዝን። መንገዱ ጠመዝማዛ አቀበት ነው፤ ትንሽ እንደወጡ ከተማው ወደ ታች ይቀራል፣ አየሩ ይለወጣል፣ የባሕር ዛፍ ሽታ በመስኮት ይገባል። ተራራው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ መሐል ከተማ ላይ ሹራብ ያስወለቀን ፀሐይ እዚያ ላይ ጉልበት የለውም። አክስቴ ነጠላዋን ደርባ ተከናነበች።

በመንገዱ ላይ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች እየወረዱ ነበር። አንዷ ታክሲያችንን ለማሳለፍ ጠርዝ ላይ ቆመች። ጭራሮውና ቅጠሉ ከጀርባዋ በሁለቱም ጎን ወጥቶ ከቁመቷ ይበልጥ ይሰፋል፤ ገመዱ በደረቷ ላይ ተሻግሮ በሁለት እጇ ይዛዋለች፤ የቅጠሉ ጫፍ አስፋልቱን እየጠረገ ነው። ቀና ብላ ልታየን አልቻለችም፤ ሸክሙ አንገቷን አያዞርም። አክስቴ በመስኮት «እግዚአብሔር ያበርታሽ፣ እናቴ» አለቻት። ሴትዮዋ «አሜን» ያለችው መሬት መሬት እያየች ነበር። ይህን የምጽፈው ለማሳዘን ብዬ አይደለም። የዚህ ተራራ ታሪክ ከመጀመሪያው የማገዶ ታሪክ ስለሆነ ነው።

ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ከአንኮበር ወደዚህ የመጡት ያለ ምክንያት አልነበረም። ከዚህ ላይ ሆኖ በአራቱም አቅጣጫ የሚመጣውን ማየት ይቻላል፤ የቀደሙ ነገሥታት ከተማ እዚህ ነበር የሚል ትውፊትም ነበረ። ለጦር ሰፈርነት እንጦጦ ምቹ ነው። ለኑሮ ግን ይጨክናል። ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ነፋሱ አያባራም፣ በክረምት መብረቁ ያስፈራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ እንጨት አለቀ። ያ ሁሉ ሠራዊት፣ መኳንንትና አሽከር ቤት ሲሠራበት፣ እንጀራ ሲጋገርበት፣ ጠጅና ጠላ ሲጠመቅበት የተራራው ጽድና ወይራ ተመነጠረ፤ ማገዶ ፍለጋ እየራቀ ሄደ።

በዚህ መሐል እቴጌ ፍል ውሃ ወረዱ። ውሃው ሙቅ፣ ሜዳው ለጥ ያለ፣ አየሩ የለዘበ ነው፤ እዚያ ቤት እንዲሠራላቸው ጠየቁ፣ ተሠራላቸው። በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ በዚህ ተጀመረች፤ ስሙንም ያወጡላት እሳቸው ናቸው። ይህን ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረነዋል። የማይታሰበው ሌላው ነገር ነው፦ ከተማዋ ከተቆረቆረች በኋላም እንጦጦ ወዲያው አልተረሳም። ለእንጦጦ ማርያም ምረቃ እቴጌ ታላቅ ግብር አዘጋጅተው ሕዝቡን አበሉ። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው በአቡነ ማቴዎስ እጅ ዘውድ የደፉት በዚህችው ቤተ ክርስቲያን፣ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ነው። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ጣይቱ «እቴጌ» ተብለው ዘውድ ጫኑ። ቤተ ክርስቲያኗ ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ ናት፤ በእግር ጥቂት ደቂቃ አያስኬድም።

መጀመሪያ ማርያምን ተሳለምን። አክስቴ ደጀ ሰላሙን ስማ ለረጅም ጊዜ ቆመች። ቀጥሎ በቅጥር ግቢው ያለውን ሙዚየም አየን፤ የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌዪቱ ልብሶች፣ ነጋሪት፣ ከጊዜ ብዛት የደበዘዙ ካባዎች። ሙዚየሙን በፍጥነት አለፍኩት፤ መስተዋት ውስጥ የተቀመጠ ነገር ብዙ አያናግረኝም። እኔን ያናገረኝ ቤቱ ነው።

ወደ አዳራሹ ስንገባ አክስቴ ቀና ብላ ጣሪያውን አየችና ዝም አለች። የኖረችው ገጠር ነው፤ ቤት ሲሠራ አይታለች፣ ጭቃ ረግጣለች። «ይህን የሠራ ሰው እጁ ይባረክ» አለች በመጨረሻ። እኔም ቀና አልኩ። ቀጫጭኖቹ እንጨቶች ከዙሪያው ተነሥተው ወደ ላይ እየተጠጋጉ ይሄዳሉ፤ በየመገናኛው ተጠላልፈው ታስረዋል። ከመጋረጃ፣ ከምንጣፍ፣ ከወርቅ ምንም የለም። ግድግዳው አንድ ቦታ ላይ ኖራው ተልጦ ጭቃው ይታያል፤ በጭቃው ውስጥ የጭዱ ስንጥር እንደተበጠሰ አለ። እጄን ሳላስነካ አጠገቡ ቆሜ አየሁት። አድዋ ላይ የዘመተው ንጉሥ፣ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ውል የተፈራረመው ንጉሥ፣ ግድግዳው እንደ አያቴ ቤት ግድግዳ በጭድና በጭቃ የተለሰነ ነበር። ይህ ዝቅ ያደርጋቸዋል የሚል ሰው ካለ እኔ አልስማማም። ያን ዘመን ባሰብኩ ቁጥር ሥልጣን ከግንብ ሳይሆን ከሰው እንደሚመጣ የገባቸው ይመስለኛል።

ቤቱን የሚያስጎበኙት ሽማግሌ ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ድምፃቸው ለስላሳ ሰው ናቸው። ስለ ምኒልክ ብዙ አስረዱን፤ እኛም በጥሞና ሰማን። አክስቴ ግን በመሐል «አባቴ፣ እቴጌስ በመጨረሻ የኖሩት እዚሁ አይደል?» ብላ ጠየቀቻቸው። ሽማግሌው ቆም ብለው አዩዋት። «አዎ፣ እናቴ። እዚሁ ነው። ይህን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ ንግግራቸው ሌላ ሆነ፤ ቀስ እያሉ፣ የቤተ ዘመድ ሐዘን እንደሚያወራ ሰው ያወሩን ጀመር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምኒልክ ታመሙ፤ ሕመሙ እየጸና ሲሄድ ሥራው በእቴጌ እጅ ወደቀ። ሹም ሽሩ የእሳቸው ሆነ። መኳንንቱ ይህን አልወደዱም፤ መጋቢት 1902 ዓ.ም. ከመንግሥት ሥራ እጃቸውን እንዲያወጡ፣ ባላቸውን ብቻ እንዲያስታምሙ አደረጓቸው። አስታመሙ። ንጉሠ ነገሥቱ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ እቴጌ ከትልቁ ግቢ ወጡና ወደ እንጦጦ፣ ወደ አሮጌው ቤት ተላኩ። ዘውድ ወደ ጫኑበት ተራራ፣ ብርዱን ሸሽተው ወደ ወረዱበት ተራራ።

ይህን ስሰማ በረንዳው ላይ ቆሜ ቁልቁል እያየሁ ነበር። ከተማው በጭጋግና በአቧራ መሐል ተዘርግቷል፤ ከዚያ ላይ ድምፁ አይሰማም። ወደ ልቤ የገባው ይህ ነው፦ እቴጌ በወረዱ ጊዜ ተራራው ተመንጥሮ ነበር። ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ የመጣው እሳቸው ከወረዱ በኋላ ነው፤ ቶሎ ስለሚያድግ፣ ሲቆረጥም እንደገና ስለሚያቆጠቁጥ የማገዶውን ችግር ፈታው፤ አዲስ አበባም እንደ እንጦጦ ሳትለቀቅ ቀረች። በተመለሱ ጊዜ ታች ያዩት ከተማ በባሕር ዛፍ ተሸፍኖ ነበር። እሳቸው የመረጡት ቦታ፣ ስም ያወጡለት ቦታ፣ ዛፍ በቅሎበት፣ ሰው ሞልቶበት፣ በእሳቸው ላይ በሩን ዘግቶ። በየቀኑ ያን እያዩ ማደር ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ ለማሰብ ሞከርኩ። የመቀሌን ምሽግ ውሃ በማስያዝ ጠላትን ያስለቀቁ፣ አድዋ ላይ ከሠራዊታቸው ጋር የተሰለፉ፣ የውጫሌን ውል አንቀጽ 17 ፊት ለፊት የተቃወሙ ሴት ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ተቀምጦ ማየት ብቻ ሲቀረው!

ልጅ ኢያሱ በ1909 ዓ.ም. ወርደው ዘውዲቱ ሲነግሡ ነገሩ ይለወጣል ብሎ የሚያስብ ይኖር ነበር። ዘውዲቱ የባላቸው ልጅ ናት፤ የወንድማቸው ልጅ ራስ ጉግሣ ወሌ ደግሞ የዘውዲቱ ባል ነበሩ። ነገር ግን ንግሥቲቱን ከባሏ ለዩአት፤ ራስ ጉግሣም በጌምድርን እንዲገዙ ተላኩ። እቴጌ እንጦጦ ላይ ቀሩ። በ1910 ዓ.ም. መጀመሪያ አካባቢ ቀሪ ዕድሜያቸውን ጎንደር ሄደው እንዲጨርሱ ፈቃድ ጠየቁ። አልተፈቀደላቸውም። በዚያው ዓመት በየካቲት ወር፣ ሌላው ሁሉ አድዋን በሚያስታውስበት ወር፣ ዐረፉ።

አክስቴ ይህን ሰምታ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ጎንደር እንኳን አትሂጂ አሏት?» አለች፤ አንቺ ብላ፣ እንደ እህቷ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ደግሞ የተናደድኩት በዚያ ዘመን ሰዎች ብቻ አይደለም። እኛም ይህን ቤት የምንጠራው «የምኒልክ ቤተ መንግሥት» ብለን ብቻ ነው። ልጆቻችንን ይዘን ስንወጣ ንጉሡ እዚህ ነበር፣ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ወረደ ብለን እንጨርሳለን። ታሪኩ ግን በመውረዱ አያልቅም። ምኒልክ እዚህ የኖሩት ገና ወደ ላይ በሚወጡበት ዘመናቸው ነው፤ ተመልሰው ለመኖር አልመጡም። ተመልሰው የመጡት፣ እዚህም የሞቱት እቴጌ ናቸው። ቤቱ ከሁለቱ የማን ነው ቢባል እኔ መልሱን አላመነታም።

ለዚህ ነው ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሰው ሁሉ በረንዳው ላይ ትንሽ እንዲቆም የምመክረው። ሕፃናት ይዞ የሚሄድ አስተማሪም ከዘውዱ ጋር ያንን የተከለከለ የጎንደር መንገድ ይንገራቸው። ልጆች ይህን ይረዳሉ፤ ቤት መሄድ መከልከል ምን እንደሆነ ከትልቅ ሰው በላይ ያውቃሉ።

ስንወርድ አክስቴ አስከሬናቸው የት እንዳረፈ ጠየቀችኝ። ከባላቸው ጎን፣ በታዕካ ነገሥት በአታ ለማርያም ገዳም መሆኑን ነገርኳት፤ ከአራት ኪሎ ብዙም አይርቅም። «እንግዲያው ቢያንስ ከእሱ ጋር ናት» አለችና ለየካቲት እዚያ ልንሄድ ተቀጣጠርን። ጧፉን እሷ ታመጣለች፤ እኔ ደግሞ የወንድሜን ሁለት ልጆች ይዤ እሄዳለሁ።