ስጋ ሳልበላ የመጣ ስብ

የላብራቶሪዋ ልጅ ቱቦውን ወደ መስኮቱ አንስታ አሳየችኝ። ደሙ ከታች ረግቷል፤ ከላይ የቀረው፣ ጠርቶ ቢጫ መሆን የነበረበት ውሃ፣ ወተት መስሏል።

«ጋሼ፣ ቁርስ በልተው ነው የመጡት?»

«ከትናንት ማታ ጀምሮ ውሃ ብቻ ነው።»

ትራይግሊሰራይድ፣ ማለትም ደም ውስጥ ያለው ስብ፣ 540።

የገረመኝ ወቅቱ ነው። ዐቢይ ጾም ሊፈታ ሳምንት ነው የቀረው፤ ስጋና ቅቤ ካየሁ ወር ከመንፈቅ አልፎኛል። ታዲያ ስቡ ከየት መጣ?

ሐኪሙ ስለምበላው ብዙም አልጠየቀኝም። «ከሰዓት ምን ትጠጣለህ?» አለኝ። ድሬዳዋ ለሚኖር ሰው ይህ ጥያቄ ኑዛዜ ነው። ሙቀቱ ሲበረታ በርጫ እንቀመጣለን፤ ጫቱ ስለሚመር ሁለት ጠርሙስ ኮካ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ደግሞ ሦስት ብርጭቆ። ማታ ለጨብሲ፣ ማለትም ምርቃናውን ለመስበር፣ ቢራ። ሁሉም የጾም ነው!

ጉበት የተረፈውን ስኳርና አልኮል ወደ ስብ ቀይሮ ወደ ደም እንደሚለቅ የገባኝ ያን ቀን ነው። ከ150 በታች ደህና፣ ከ200 በላይ ከፍተኛ ነው፤ 500 ካለፈ ግን ቆሽት ድንገት ሊቆጣ ይችላል አለኝ። የስኳር በሽታና የእንቅርት ሆርሞን ማነስም ከፍ ስለሚያደርጉት ሁለቱን አስመረመረኝ፤ ደህና ነበርኩ። ፌኖፋይብሬት የሚባል የደም ስብ የሚቀንስ መድኃኒት ጻፈልኝ፣ ቢራውንም ጨርሰህ ተው አለኝ።

ቢራው እንደፈራሁት አልከበደኝም። የከበደኝ ለስላሳው ነው። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ኮካውን በማንጎ ጭማቂ ተካሁት፤ ፍሬ ነው፣ ምን ያደርጋል ብዬ። ከሦስት ወር በኋላ 310። ሐኪሙ «እስቲ ሲሠሩት ቆመህ እይ» አለኝ። ከዚራ ሰፈር አንዱ ጭማቂ ቤት ቆሜ አየሁ፦ ለአንድ ብርጭቆ ማንጎው ላይ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ተጨመረበት። ማንጎው ራሱ ጣፋጭ ነበር እኮ!

ከዚያ ወዲህ ውሃ በሎሚ ነው። በርጫውን ለእሁድ ብቻ አስቀረሁት፤ ዳቦና ፓስታ ቀንሼ ሽሮና ምስር አበዛሁ። ጠዋት ፀሐይ ሳትከር በከዚራ ዛፎች ጥላ እስከ ባቡር ጣቢያው 40 ደቂቃ እራመዳለሁ። ከ84 ኪሎ ወደ 78 ወረድኩ። በሌላ ሦስት ወር 172። መድኃኒቱን በራሴ አላቆምኩም።

«አቦ፣ ሻይ ያለ ስኳር ይጠጣል እንዴ?» ይሉኛል ጓደኞቼ። እውነት ለመናገር አይጥምም። ባለፈው ምርመራ ግን ቱቦውን ላሳይ ብላ ልጅቷ ሳትነሳ፣ እኔው ጠየቅኳት። ውሃው ቢጫ ነበር።